የማንም ያልሆነ እንስሳ፣ የአንድ ሰው የሆነ መሬት

በጥቅምት መጀመሪያ በስኮትላንድ ሰሜናዊ ተራሮች ላይ ሁለት ሰዎች በእርጥብ ሣር ውስጥ በደረታቸው እየተሳቡ ሽቅብ ይወጣሉ። ፊተኛው የአደን መሪው ነው፤ ኋለኛው ለአንድ ቀን አደን ገንዘቡን ከፍሎ የመጣ እንግዳ ነው። ሽታቸው ወደ እንስሳው እንዳይደርስ ነፋሱን ፊት ለፊት ለመቀበል ሲሉ ግማሽ ቀን ሙሉ ተራራውን ዞረዋል። ከፊታቸው አንድ አውራ አጋዘን እንስቶቹን ሰብስቦ ቆሞ ያገሣል። መሪው ጠበንጃውን ከማኅደሩ አውጥቶ ለእንግዳው ይሰጠዋል። እንስሳው ጎኑን እስኪያዞር ድረስ ይጠብቃሉ። ከዚያ በኋላ አንዲት ጥይት ትጮኻለች።

ይህ ሥራ ነውር ነው ወይስ ደግ? ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው በዚያች በአንዲት ጥይት ላይ ነው። አንዱ፣ ምንም ያልበደለን እንስሳ ለመዝናኛ መግደል ጭካኔ ነው ይላል፤ ሌላው፣ ሥጋ የሚበላ ሰው አደንን ሊነቅፍ አይገባውም ሲል ይመልስለታል። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለመረመረ ሰው ግን ጥያቄው ከጥይቲቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። እንስሳው የማን ነው? መሬቱስ የማን ነው? የእንስሳው ቍጥር ከልክ ሲያልፍ ተጠያቂው ማን ነው? ስኮትላንድ በዚህ ነገር ከመቶ ዓመት ለበለጠ ጊዜ ስትከራከር የኖረች አገር ስለ ሆነች፣ የእርሷን ታሪክ መመልከት ለተማሪም፣ የሕዝብን ጉዳይ በእጁ ለያዘ ወጣት ሹምም ይጠቅማል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ አንድ ቃል እንበል። በአገራችን አጋዘን የምንለው ቀንዱ የተጠማዘዘው እንስሳ ከድኩላ ወገን ነው፤ ቀንዱም አንድ ጊዜ ከበቀለ እስኪሞት አይለየውም። የአውሮፓው ግን ሌላ ወገን ነው። አውራው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ ቀንድ ያበቅላል፤ ያም ቀንድ በየዓመቱ በጸደይ ወልቆ ይወድቅና እስከ በጋው መጨረሻ ሌላ ይተካል። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪቃ ይህ ወገን በተፈጥሮው አይገኝም። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ዋላ ያሉት እርሱን ነው። ዛሬ ግን ሕዝቡ ይህንንም አጋዘን ማለትን ስለ ለመደ፣ እኛም የስኮትላንዱን ቀይ አጋዘን ብለን እንጠራዋለን። በብሪታንያ ምድር ላይ ከሚኖሩት የዱር አራዊት ሁሉ በግዝፈት የሚስተካከለው የለም።

ዛፍ የሌለው ደን

ከ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 19ኛው አጋማሽ ድረስ የስኮትላንድ ተራራማ አገር ባለርስቶች ጭሰኞቻቸውን ከሸለቆው እያስለቀቁ መሬቱን ለበግ አደረጉት። ብዙዎቹ ተፈናቃዮች ወደ ባሕር ዳር ተገፉ፤ ብዙዎቹም ወደ ካናዳና ወደ ሌላም አገር በመርከብ ተሰደዱ። የበግ ትርፍ ሲቀንስ ደግሞ መሬቱ ለአጋዘን ተለቀቀ። ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ ልዑል አልበርት በ1848 ባልሞራልን ተከራይተው በ1852 ገዙት። የቤተ መንግሥቱን አርአያ የተከተሉ ባለፋብሪካዎችና ነጋዴዎች በባቡር እየመጡ በየሸለቆው የአደን ርስት ያዙ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ለአጋዘን አደን ብቻ የተከለለው መሬት ከ3 ሚሊዮን ኤከር በላይ ደርሶ ነበር። ይህም መሬት በእንግሊዝኛ «የአጋዘን ደን» ተብሎ ይጠራል። ወደ ቦታው የሄደ እንግዳ ግን በአብዛኛው የሚያየው ዛፍ ሳይሆን ሣርና የእኛ አስታ ዘመድ የሆነውን ዝቅተኛ ቍጥቋጦ ነው።

የሕጉም ነገር የሚያስገርም ነው። በስኮትላንድ ሕግ የዱር አጋዘን በሕይወት ሳለ የማንም አይደለም። የማደን መብት ግን ከመሬቱ ጋር ይሄዳል። እንግዲህ መሬት ያለው ሰው አጋዘኑን የመግደል መብት አለው፤ አጋዘኑ የጎረቤትን ማሳ ወይም የመንግሥትን ችግኝ ቢበላ ግን፣ የከብት ባለቤት በከብቱ እንደሚጠየቅ አይጠየቅበትም። ጥቅሙ ባለቤት አለው፤ ጉዳቱ ባለቤት የለውም። መሬቱም ቢሆን በጥቂቶች እጅ ነው፤ የግል ከሆነው የስኮትላንድ የገጠር መሬት ግማሽ ያህሉን የያዙት ከ500 ያነሱ ባለመሬቶች እንደ ሆኑ ሲነገር ቆይቷል።

ይህ ነገር የሆድ ጥያቄ የሆነበትም ጊዜ ነበር። በልዊስ ደሴት ፓርክ የተባለው አውራጃ ሕዝቡ ከወጣበት በኋላ መጀመሪያ የበግ ግጦሽ፣ ቀጥሎም በ1886 የአደን ቦታ ሆነ። በኅዳር 1887 በአጠገቡ ባለው ጠባብ መሬት ላይ ተጨናንቀው የነበሩ ችግረኞች ጠበንጃ ይዘው ወደ ተከለለው ቦታ ገቡ፤ አጋዘን ገድለውም እዚያው አብስለው በሉ። አደጋውን የጣሉት ተደብቀው ሳይሆን ረኀባቸውን መንግሥት እንዲያይላቸው በግልጽ ነበር። መንግሥት ወታደር ላከ፤ መሪዎቹም በጥር 1888 ኤዲንብራ ላይ ለፍርድ ቀረቡ። ዳኝነቱን የሰጡት የሕዝብ ሰዎች ግን ከክሱ ነጻ ናችሁ ብለው ለቀቋቸው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በስኮትላንድ ስለ አጋዘን የሚነገር ነገር ሁሉ ስለ ሰውም የሚነገር ሆኖ ቀርቷል።

ተኩላው ከሄደ በኋላ

ቀድሞ በነዚህ ተራሮች ላይ ተኩላ ነበር። ሰው በጉንና ከብቱን ለመጠበቅ ሲል ሲያሳድደው ኖሮ፣ በ17ኛውና በ18ኛው ምዕተ ዓመት መካከል ጨርሶ አጠፋው። ከተኩላው በኋላ አዋቂውን አጋዘን የሚያድን አውሬ አልቀረም። ባለርስቶቹም ለቀንዱ ሲሉ አውራውን እንጂ እንስቲቱን ለመግደል እምብዛም አይተጉም ነበር። የርስቱ ዋጋ የሚገመተው በየዓመቱ በሚወድቁት አውራዎች ቍጥር ስለ ነበረ፣ ብዙ እንስት ብዙ አውራ ትወልዳለች የሚል ሒሳብ ነበራቸው። በክረምት ብርድ አውራዎቹ ወደ ጎረቤት ርስት እንዳይሄዱ ምግብ ይሰጧቸው የነበሩም አሉ።

ይህ ሒሳብ ስሕተት መሆኑን ያሳየችው ረም የተባለች ደሴት ናት። የመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ደሴቲቱን በ1957 ገዛት። በ1972 ገደማ በሰሜኑ ክፍሏ አደን እንዲቆም ተደርጎ፣ ሊቃውንት እያንዳንዱን አጋዘን በመልኩ ለይተው ከልደቱ እስከ ሞቱ ይመዘግቡ ጀመር። ጥናቱ እስከ ዘመናችን ድረስ የዘለቀ በመሆኑ በዓለም ከታወቁት የዱር አራዊት ጥናቶች አንዱ ሆኗል። ታዲያ አደኑ ሲቆም ምን ሆነ? የእንስቶቹ ቍጥር ከእጥፍ በላይ አደገ። ከዚያ በኋላ ግን በክረምት የሚሞቱት ግልገሎች በዙ፤ ወጣቶቹ እንስቶች ዘግይተው መውለድ ጀመሩ፤ የአውራዎቹም ቀንድ አነሰ። ወንዶቹ ግልገሎች ከሴቶቹ ይልቅ ረኀብን ስለማይችሉ፣ ብዙዎቹ ሞቱ፤ ሌሎቹም አካባቢውን ለቀው ሄዱ። እንስቶቹን በማብዛት አውራ አገኛለሁ ያለው ሰው በመጨረሻ አውራውንም ያጣል ማለት ነው።

እንግዲህ አለመግደል ሞትን አላስቀረም። የጥይትን ሞት በረኀብ ሞት ለወጠው እንጂ። በየካቲትና በመጋቢት ዝናብና በረዶ ውስጥ አጥንቱ እስኪታይ ከስቶ የሚወድቀው ግልገል ጠበንጃ የያዘ ሰው አላየውም፤ ስለዚህም ማንም በእርሱ ሞት አይከሰስም።

ሁለት ሸለቆዎች

ጉዳቱ በእንስሳው ላይ ብቻ አይቆምም። በቀድሞው የስኮትላንድ ደን ቅሬታዎች ውስጥ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላቸው የሚችል ታላላቅ የጥድ ዛፎች ቆመዋል። በየዓመቱ ዘራቸውን ይበትናሉ፤ ዘሩም ይበቅላል። ነገር ግን ችግኙ ከሣሩ በላይ ራሱን ቀና ባደረገ ጊዜ አጋዘን ይበላዋል። በዚህ ምክንያት ሽማግሌ እንጂ ልጅ የሌለበት ደን ሆኖ ቀረ። ሽማግሌው ሲወድቅ የሚተካው የለም።

ክሬግ መጊ በተባለው ተራራ ላይ በ1980ዎቹ ዓመታት አንድ ድርጅት ከውጭ አገር የመጣ የዛፍ ዓይነት ለንግድ ሊተክል አስቦ ነበር። ተቃውሞ ስለ በዛበት መንግሥት በ1985 ወደ 4,000 ሄክታር የሚሆነውን መሬት ገዛው። አዲሶቹ ጠባቂዎች አጥር አላጠሩም፤ ዛፍም በእጃቸው አልተከሉም። የሠሩት ሥራ አጋዘኑን ቀንሶ መጠበቅ ብቻ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነጭ ልጥ ያለው በርች የተባለው ዛፍና ሌሎችም ከተራራው ግርጌ ወደ ላይ በራሳቸው ወጡ። ዘሩ ጠፍቶ እንዳልነበረና ጠላቱ መጠን ያጣው ጥርስ ብቻ እንደ ነበረ በዚህ ታወቀ።

ሁለተኛው ግሌንፌሺ ነው። ይህ ግን የግል ርስት ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ40 በላይ አጋዘን ይኖርበት ነበር ይባላል። በ2004 ስለ አጋዘን ጉዳይ ሥልጣን የተሰጠው የመንግሥት ኮሚሲዮን በሄሊኮፕተር ጭምር እየታገዘ በመቶ የሚቈጠሩ አጋዘኖች እንዲገደሉ አደረገ። የአደን ጠባቂዎች ማኅበር ይህ እልቂት ነው ሲል ብርቱ ተቃውሞ አሰማ። በ2006 አንድ የዴንማርክ ባለጠጋ ርስቱን ገዛና ቅነሳውን በራሱ ፈቃድ ቀጠለበት፤ ቍጥሩም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 2 ገደማ ወረደ። ዛሬ በወንዙ ዳርና በኰረብታው ላይ ወጣቶቹ ጥዶች ከሰው ቁመት በላይ ሆነው ይታያሉ። ይሁን እንጂ ይህን ሸለቆ ሲያመሰግኑ አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። ሸለቆው የዳነው ገዢው እንዲህ ስለ ፈቀደ ነው። ሌላ ሐሳብ ያለው ሰው ገዝቶት ቢሆን ኖሮ ሌላ ሸለቆ እናይ ነበር። የሕዝብ ጥቅም በአንድ ሰው ደግ ፈቃድ ላይ መቆሙ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

የአደን መሪዎቹ አቤቱታ

የሌላውን ወገን ቃል ሳይሰሙ መፍረድ ዳኝነት አይባልም። በነዚህ ራቅ ያሉ ሸለቆዎች የአደን መሪው ደመወዙን ብቻ ሳይሆን የሚያድርበትንም ቤት የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከርስቱ ነው። አደኑ ከቀረ ሥራውም ቤቱም ይቀራል፤ ልጆቹ ከሸለቆው ሲወጡ የመንደሩ ትምህርት ቤት የሚማርበት ልጅ ያጣል። ከዚህም በላይ ይህ ሰው አጋዘኑን በዝናብና በበረዶ ሲከተል የኖረ ነው፤ የትኛው እንደ ታመመ፣ የትኛው እንዳረጀ ያውቃል። ከከተማ የመጣ ሹም፣ በካሬ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ይሁን ብሎ በወረቀት ሲያዝዘው፣ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የኖረውን መንጋ በአንድ ክረምት እንዲፈጅ የታዘዘ ይመስለዋል። ቅሬታው ከንቱ አይደለም።

ሌላም ችግር አለ። አጋዘን የርስት ድንበር አያውቅም። በበጋ በአንዱ መሬት ላይ ይሰማራል፤ ለመገናኛ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ በክረምት ወደ ሦስተኛው ይወርዳል። አንዱ ባለርስት ለደኑ ሲል ሲቀንስ፣ ጎረቤቱ ለእንግዶቼ ያሳደግኋቸውን አውራዎች ገደልክብኝ ይለዋል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ባለርስቶቹ በማኅበር ተሰብስበው ቍጥሩን በስምምነት ለመወሰን ይሞክራሉ። የ1959 ሕግ የቀይ አጋዘን ኮሚሲዮን አቋቋመ፤ የ1996ቱም ሕግ፣ ስምምነት ባልተገኘበት ቦታ መንግሥት ባለርስቱን እንዲያስገድድ ሥልጣን ሰጠ። ሥልጣኑ ግን ለብዙ ዘመን ከወረቀት አልወረደም፤ መሥሪያ ቤቱ በዚህ የማስገደድ መብት ለመጠቀም የተነሣው ገና በ2024 ነው። እስከዚያ ድረስ ምክርና ልመና ይበቃል ተብሎ ነበር። በዚሁ መካከል በስኮትላንድ ያሉት የአራቱም ዓይነት አጋዘኖች ጠቅላላ ድምር፣ በ1990 ከ500,000 ገደማ ተነሥቶ በ2020 እስከ 1,000,000 ሳይደርስ እንዳልቀረ ተገመተ። በዚያው ዓመት ጥናቱን ያወጣው በመንግሥት የተሾመ ጉባኤ፣ በሰፊው ተራራማ ምድር ላይ የቀይ አጋዘን ቍጥር በካሬ ኪሎ ሜትር ከ10 እንዳይበልጥ መከረ።

የጥይቲቱ ሕግ

መቀነስ አስፈላጊ ነው ማለት እንዳሻ መግደል ይገባል ማለት አይደለም። እዚህ ላይ የመልካም አዳኝ ሥርዓት ይመጣል። ርቀቱን ያልለካ፣ የእንስሳውን ጎን በግልጽ ያላየ አይተኩስም። ያቆሰለውን እስኪያገኝ ድረስ ውሻ ይዞ ይከተላል እንጂ ወደ ቤቱ አይመለስም። እንስቲቱ ከግልገሏ ጋር ከቆመች፣ መጀመሪያ የሚገደለው ግልገሉ፣ ቀጥሎም እናቲቱ ናት። ይህ ለሰሚው የከፋ ይመስላል። ነገሩ ሲታሰብ ግን እናቱን ያጣ ግልገል ክረምቱን መዝለቁ ያጠራጥራልና፣ ርኅራኄው እንዲህ ባለው መራራ ቅደም ተከተል ውስጥ ይገኛል። የወደቀውም ይበላል እንጂ አይጣልም።

በዚህም ላይ ክርክር አልጠፋም። በጥቅምት 2023 የስኮትላንድ መንግሥት አውራዎቹን ለማደን የተከለከለውን ወራት ጨርሶ አነሣ፤ የእንስቶቹን ግን እንዳለ ተወው። ምክንያቱም በጸደይና በበጋ እንስቲቱ ወይ አርግዛለች፣ ወይም ግልገል ታጠባለች። መንግሥት፣ በዓመቱ ሁሉ መቀነስ ካልተቻለ ደኑ አይድንም አለ። ብዙ የአደን መሪዎች ደግሞ፣ በመገናኛው ወራት ምግብ ትቶ የከሳውን አውራ ክረምት ላይ ማሳደድ ክብር የለውም ሲሉ ተቃወሙ። ሁለቱም ስለ እንስሳው የሚናገሩ ናቸው። አንዱ የሚናገረው ስለ አንድ እንስሳ፣ ሌላው ስለ መንጋውና ስለ መሬቱ ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለው ጭንቅ ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ ያረፈ ነው።

ሌላ መንገድ የለም ወይ? የሚል ጠያቂ ይኖራል። አጥር ችግኙን ያድናል፤ ነገር ግን አጋዘኑን ከክረምት መጠለያው ይዘጋበታል፤ የዱር ወፎችም እየበረሩ ከሽቦው ጋር ይጋጫሉ። ተኩላውን መልሶ ማምጣት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ በግ አርቢው ግን አይቀበለውም። መውለድን የሚከለክል መድኃኒት በሰፊ ተራራ ላይ ለተበተነ የዱር መንጋ ማዳረስ አይቻልም። ስለዚህ ለጊዜው ጠበንጃው ይቀራል፤ በየዓመቱም ከ100,000 በላይ አጋዘኖች በስኮትላንድ ይገደላሉ።

አለመሥራትም ሥራ ነው

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳየናቸው ወደ ሁለቱ አዳኞች እንመለስ። እንግዳው ትልቅ ቀንድ ያለውን መርጦ ለግድግዳው ጌጥ ብቻ የገደለ እንደ ሆነ፣ ለመሬቱ ያደረገለት ነገር ጥቂት ነው። አንድ አውራ ቢወድቅ ሌላው ይተካል፤ ቍጥሩን የምትወስነው እንስቲቱ ናትና። ግዳይ መጣል ጀግንነት ይባል የነበረበትን ዘመን እኛም እናውቀዋለን። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሳይኖር፣ እንስቶችን በልክ የሚቀንሰው ሰው ግን ማንም የማያመሰግነውን ሥራ ይሠራል። እርሱ ተኩላው ትቶት የሄደውን ሥራ የወረሰ ነው። ሰው ተኩላውን ባጠፋ ቀን የተኩላውን ግዴታ በራሱ ላይ ጭኗል። ግዴታውን ያልተወጣ ባለርስት፣ እኔ ማንንም አልገደልኩም ብሎ እጁን ሊታጠብ አይችልም፤ በመጋቢት በረዶ ውስጥ የወደቀው ግልገልና ልጅ ያጣው ደን ይመሰክሩበታል።

ይህን ያነበበ ሰው ስለ አገራችን ቸኵሎ እንዳይፈርድ ማስጠንቀቅ ይገባናል። በባሌና በአርሲ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ ጭንቁም እንደ ስኮትላንዱ የብዛት ሳይሆን የማነስ ነው። መሬቱም በ1995 በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ እንጂ የግል ርስት አይደለም። በአንዱ አገር መግደል ያለበት ሰው በሌላው አገር ጠበንጃውን መስቀል ይኖርበት ይሆናል። ከስኮትላንድ የምንወስደው ትምህርት ጥያቄውን ነው፤ የዱር አራዊት የማንም ካልሆኑ ስለነርሱ የሚጠየቀው ማን ነው?

ወጣቱ ሹም ነገ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ስለ ውሃ፣ ስለ ደን፣ ስለ ግጦሽ የሚቀርቡለት ጉዳዮች ከዚህ የራቁ አይሆኑም። የሁሉም የሆነ ነገር የማንም እንዳልሆነ ተቈጥሮ ሲባክን ያያል። ያን ጊዜ ነገሩን በቀጠሮ ማሳደር ቀላል ነው፤ ማንም አይከሰውም። ነገር ግን በክሬግ መጊ ዛፎቹ የተመለሱት፣ በአንድ ወቅት አንድ ሰው ይህ የእኔ ኀላፊነት ነው ብሎ ስለ ተነሣ እንደ ሆነ ያስታውስ።